የይዘት አስተዳደር ሥርዓት እንግዛ ወይስ ፒዲኤፉን እንለውጥ?

ጥያቄው፦ «በአንድ አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ አርታኢ ነኝ። ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ስለ አመጋገብና ስለ መጀመሪያ ደረጃ ሕክምና እርዳታ ያሳተምናቸው ስምንት መጻሕፍት አሉን። የቆዩት ፔጅሜከር፣ አዲሶቹ ኢንዲዛይን በተባለ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የተቀናበሩ ናቸው። አሁን በስልክ መተግበሪያ፣ በኢ-መጽሐፍና በበራሪ ወረቀት እንድናወጣቸው ተጠይቀናል። አንድ ሻጭ የይዘት አስተዳደር ሥርዓት ግዙ ይለናል። የኮምፒውተር ባለሙያችን ደግሞ ፒዲኤፉን መለወጥ ብቻ ይበቃል ይላል። ማንን እንስማ?»

ለጊዜው ሁለቱንም ያቆዩአቸው። ሻጩ የሚያቀርበው ሥርዓት፣ ማለትም ጽሑፍንና ሥዕልን በአንድ ቦታ አስቀምጦ ወደ ተለያየ መውጫ የሚልክ ፕሮግራም፣ አንድ ቀን ያስፈልጋችሁ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ወደ ውስጡ የምታስገቡት የተዘጋጀ ይዘት የላችሁም። በእጃችሁ ያለው በገጽ ላይ የተደረደረ ጽሑፍ ነው። ባለሙያችሁ ያለው መንገድ ርካሽ ይመስላል እንጂ ኋላ የሚያስከፍለው ከሥርዓቱ ግዢ ይበልጣል። ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ፋይሉ እያንዳንዱ ፊደል ከገጹ ላይ የት እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ያ ፊደል የርዕስ ይሁን የማስጠንቀቂያ ወይም የሠንጠረዥ፣ አያውቅም። ስለዚህ ሲለወጥ የግርጌ ማስታወሻው ዓረፍተ ነገር መሐል ይገባል፣ የገጹ ቁጥር ከአንቀጹ ጋር ይቀላቀላል፣ የሠንጠረዡ ዓምዶች ይዛባሉ። በልብ ወለድ ይህ አንባቢን ያሰለቻል። በእናንተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ዓምድ ሲዛባ የሚዛባው የመድኃኒት መጠን ነው። ይህን በቀላሉ የሚያይ አሳታሚ ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልችልም።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ሥራ መጻሕፍቱ ከምን ከምን እንደተሠሩ ለይቶ ለእያንዳንዱ ክፍል ስም መስጠት ነው። ይህ የእርስዎ ሥራ ነው፣ የአርታኢው። ሻጩም ሆነ ኮምፒውተሩ አይሠራላችሁም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ አንቀጽ በቅርብ እንመልከት። እንደ እናንተ ዓይነት መጻሕፍት በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ ተቅማጥና ስለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚናገር ክፍል አላቸው። በእናቶች መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ በአመጋገቡ መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ በመጀመሪያ ደረጃ እርዳታው ውስጥም አለ። የጻፏቸው ሰዎች የተለያዩ ስለሆኑ በሦስቱም ውስጥ አባባሉ ይለያያል። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት ያደረገውን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ2002 የዚህን ንጥረ ነገር ቅመማ ለወጠ፤ ሶዲየሙ በሊትር ከ90 ወደ 75 ሚሊሞል፣ ግሉኮሱ ከ111 ወደ 75 ወረደ። በ2004 ደግሞ ከዩኒሴፍ ጋር በመሆን ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከፈሳሹ ጎን ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ መከረ፤ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ስድስት ወር ላልሞላው 10 ሚሊግራም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2001 ሕፃን የእናቱን ጡት ብቻ የሚጠባበት ጊዜ «ከ4 እስከ 6 ወር» ከሚለው ወደ ሙሉ 6 ወር ተለውጧል።

አንድ አርታኢ እነዚህን ሦስት ለውጦች ወደ ስምንት መጻሕፍት ለማስገባት ምን ማድረግ አለበት? ስምንቱንም ከዳር እስከ ዳር ማንበብ። አባባሉ ስለሚለያይ በኮምፒውተር ፍለጋ ብቻ አይገኝም፤ አንዱ «ጨውና ስኳር ያለው ፈሳሽ» ብሎታል፣ ሌላው «ኦ.አር.ኤስ.»፣ ሦስተኛው «ሕይወት አድን ቅመም»። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ ይታረማል፣ ሁለተኛው በሚቀጥለው እትም ይባላል፣ ሦስተኛው ይረሳል። መተግበሪያና በራሪ ወረቀት ሲጨመሩበት ደግሞ የተረሳው ቦታ ይበዛል። ያ አንቀጽ በአንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ ሦስቱም መጻሕፍት ከዚያው የሚወስዱት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ይታረማል፣ አንድ ሐኪም አንድ ጊዜ ያየዋል፣ የትም ቢወጣ አዲሱ ይሆናል። ይዘትን መልሶ መጠቀም የሚባለው ይኸው ነው። ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ይወደሳል፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ አሮጌ ምክር በሰው እጅ እንዳይቀር ማድረጉ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 በአይቢኤም ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የሕግ ሰነዶችን በተለያዩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መካከል ለማዘዋወር ሲቸገሩ፣ በጽሑፉ ውስጥ «ይህን አድምቀው» የሚል ትእዛዝ መጻፋቸውን ትተው «ይህ ርዕስ ነው» የሚል ምልክት ማስገባት ጀመሩ። ያ ሥራ በ1986 ኤስጂኤምኤል የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፤ ከእርሱ በ1998 ኤክስኤምኤል ወጣ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው የኢ-መጽሐፍ ፋይሎች ውስጣቸው ቢከፈት የሚገኘው የዚሁ ዘር ነው።

የሐሳቡን ጉልበት ያሳየው ግን የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ1928 የተጠናቀቀውን የመጀመሪያ እትምና ከ1972 እስከ 1986 የወጡትን አራት ተጨማሪ ጥራዞች አንድ ላይ ለማዋሐድ በ1984 ሥራ ጀመሩ። ጽሑፉ በሙሉ በእጅ ወደ ኮምፒውተር ተለቀመ፤ 120 ያህል ለቃሚዎች ከ350 ሚሊዮን በላይ ፊደላትና ምልክቶች አስገብተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ምን እንደለቀሙ ነው። ከፊደሎቹ ጋር የእያንዳንዱን ክፍል ማንነት አብረው አስገቡ፤ ይህ ዋና ቃል፣ ይህ አነባበብ፣ ይህ የቃሉ ምንጭ፣ ይህ ፍች፣ ይህ ጥቅስና ዓመቱ እያሉ። በዚህም የተነሣ የአሮጌውንና የተጨማሪውን ጽሑፍ አብዛኛውን ክፍል ኮምፒውተሩ ራሱ አገጣጠመው። በ1989 ሃያ ጥራዝ መጽሐፍ ታተመ፣ በ1992 በሲዲ ወጣ፣ በ2000 በኢንተርኔት ተለቀቀ። በ1984 ኢንተርኔት ላይ አወጣለሁ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ክፍሎቹ ስም ስለነበራቸው ያልታሰበው መውጫ ሲመጣ ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

ወደ እናንተ ልመለስ። መጽሐፍ አንሡና ቀለም እርሳስ ያዙ። በየገጹ ያለውን ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ማብራሪያ ነው? የአሠራር መመሪያ ነው? ማስጠንቀቂያ ነው? የመድኃኒት መጠን ነው? ወደ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ የአደጋ ምልክት ነው? ታሪክ ወይም ምሳሌ ነው? በጤና መጻሕፍት ውስጥ ከእነዚህ የሚወጣ ብዙ አይኖርም። ከዚያ በአንዱ ዓይነት ሥር የሚገባውን እያንዳንዱን ቁራጭ በካርድ መልክ ጻፉት። የተቅማጡ ቁራጭ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

መለያ፦ ተቅማጥ-ፈሳሽ-አዘገጃጀት
ዓይነት፦ የአሠራር መመሪያ
ለማን፦ ለወላጆች
ርዕስ፦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርን በቤት ውስጥ ማዘጋጀት
አጭር ርዕስ፦ የፈሳሹ አዘገጃጀት
አካል፦ አንዱን ፓኬት በሙሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ይበጥብጡ። …
አብሮ የሚሄድ ማስጠንቀቂያ፦ ተቅማጥ-አደጋ-ምልክቶች
ያየው ሐኪም፣ የታየበት ቀን፣ እንደገና የሚታይበት ቀን
ሥዕል፦ የሣለው፣ የተፈቀደበት አገልግሎት

አጭሩን ርዕስ እንደ ትርፍ አይዩት። የመጽሐፍ ርዕስ በስልክ ማያ ገጽ ላይ ተቆርጦ «ሕይወት አድን ንጥረ…» ብቻ ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካው ኤንፒአር ሬዲዮ «አንድ ጊዜ አዘጋጅ፣ በሁሉም ቦታ አውጣ» የሚለውን አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2009 ዳንኤል ጃኮብሰን ሲያብራራው አንድ ዘገባ የራሱ ርዕስ፣ አጭር መግለጫ፣ ጽሑፍ፣ ድምፅና ሥዕል በየሣጥኑ ተለይቶ የሚቀመጥለት መሆኑን አሳይቷል። ድረ ገጹም፣ ስልኩም፣ አባል ጣቢያዎቹም ከየሣጥኑ የሚፈልጉትን ብቻ ይወስዳሉ። ካርዱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ቁራጩ ምን ያህል ትንሽ ይሁን? ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ዓረፍተ ነገር ድረስ ይከፋፍሉና በኋላ የሚገጣጥመው ሰው ይጠፋል። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፤ ያ ቁራጭ ብቻውን ታትሞ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አንባቢው ይረዳዋል? ከተረዳው መጠኑ ልክ ነው። ካልተረዳው ወይ አንሷል ወይ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቋል። በዚህ መለኪያ ሲያነቡ «ከላይ እንደተገለጸው»፣ «ባለፈው ምዕራፍ እንዳየነው»፣ «ይህንንም ካደረጉ በኋላ» የሚሉት ሁሉ ብቅ ብቅ ይላሉ። በመተግበሪያ ውስጥ «ከላይ» የሚባል ቦታ የለም። እነዚህን አውጥቶ ዓረፍተ ነገሩን በራሱ እግር ማቆም አሰልቺ ቢሆንም ከሌላው ሥራ ሁሉ የሚበልጥ ፍሬ ያለው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በአማርኛ ለምንጽፍ የሚመጣ ጣጣ አለ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች አያነሡትም፤ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ለማንም አንድ ዓይነት ስለሆነ። በአማርኛ ግሱ ራሱ የሚያናግረውን ሰው ይመርጣል። የእናቶች መጽሐፋችሁ «ለልጅሽ ስጪው» ይላል። የመጀመሪያ ደረጃ እርዳታው «ለሕመምተኛው ስጠው» ይላል። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀው «ይስጡት» ወይም «ይሰጣል» ይላል። ሦስቱ አንቀጾች በሐሳብ አንድ ሆነው ሳሉ አንዱን ከሌላው ቦታ መክተት አይቻልም፤ እናትን «ስጠው» ያለ መጽሐፍ መሳቂያ ይሆናል፣ ነርሷን «ስጪው» ያለም ያስቀይማል። ሕፃኑም እንዲሁ ነው፤ «ልጁን» ብለን ጀምረን «ልጅቷን» የሚል ሌላ ቁራጭ ብንቀጥልበት በአንድ ገጽ ላይ ሕፃኑ ጾታ ይለዋውጣል።

ስለዚህ ቁራጮቹን ከመሰብሰባችሁ በፊት የቤታችሁን ሕግ ወስኑ። እኔ ለመመሪያ የማክበሪያውን ግስ እመርጣለሁ፤ «ይበጥብጡ፣ ያጠጡ፣ ይውሰዱ»። ለእናትም፣ ለአባትም፣ ለባለሙያም ይሆናል፤ ማንንም አያዋርድም። «ይበጠበጣል፣ ይሰጣል» የሚለው ደግሞ ለማብራሪያና ለሠንጠረዥ ይመቻል፣ ግን ማን እንደሚሠራው ስለማይናገር ለአደጋ ጊዜ መመሪያ አልወደውም። እናቶችን «አንቺ» ብሎ የሚያጫውተው ሞቅ ያለ ቋንቋ እንዳይጠፋባችሁ ትፈሩ ይሆናል። ፍርሃቱ ትክክል ነው። እርሱን ለመግቢያውና ለታሪኮቹ አስቀሩት፤ እነዚያ የአንዱ መጽሐፍ ብቻ ናቸው፣ የትም አይዘዋወሩም። ተዘዋዋሪው መመሪያ ብቻ ይሁን። ሕፃኑን በተመለከተ «ሕፃኑ» የሚለውን በሁሉም ቦታ ይዞ መጓዝ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ጾታ በማያሳይ መንገድ ማዋቀር ይቻላል፤ ዋናው አንዱን መርጦ መጽናት ነው። የቃላት መዝገብም አብሮ ይዘጋጅ፤ ከ«ሕይወት አድን ንጥረ ነገር»፣ ከ«ኦ.አር.ኤስ.» እና ከ«ቅመም» አንዱ ይመረጥና ሌሎቹ በፍለጋ ጊዜ ወደ እርሱ የሚመሩ ይሁኑ።

ሰዓትና ቀንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። «ከጧቱ 2 ሰዓት ይውሰዱ» የሚለው ምክር አዲስ አበባ ውስጥ ችግር የለውም። ያው መተግበሪያ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ሪያድ ባለች እናት ስልክ ላይ ሲከፈት ግን የስልኳ ሰዓት 8፡00 ይላታል። አንዳንዱ ሰው በውጭ አገርም በአገሩ አቆጣጠር ይኖራል፣ ሌላው ትቶታል። መፍትሔው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ መጻፍ አይደለም፤ ሰዓቱን ሰዓት ብሎ ምልክት ማድረግና አንዴ ብቻ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ የአገር ውስጡ እትም «ከጧቱ 2 ሰዓት»፣ የውጭው ሁለቱንም እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ «በ8 ሰዓት» እና «በየ8 ሰዓቱ» በፊደል ይቀራረባሉ እንጂ አንዱ የቀን ሰዓት ነው፣ ሌላው የጊዜ ርዝመት። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም እንደ ሰዓት ቆጥሮ ስድስት ከጨመረበት ወይም ከቀነሰበት በየስምንት ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት በየ2 ወይም በየ14 ሰዓቱ ይሆናል። ሁለት የተለያየ ስም ስጧቸው። ክትባት የሚሰጥበት ዕድሜም፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚለው፣ የጊዜ ርዝመት ነውና ማንም አይንካው።

ቀንን በተመለከተ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አስቀምጣችሁ ለአንባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አውጡት፤ የጳጉሜን አምስትና ስድስት ቀን አስልተው የሚለውጡ፣ በነፃ የሚገኙ ዝግጁ የፕሮግራም ክፍሎች አሉ። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ። በመድኃኒት መያዣ ላይ የታተመው የአገልግሎት ማብቂያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለ እርሱ የሚያስረዳው ቁራጭ ዓመተ ምሕረቱ እንዳይለወጥ ምልክት ይደረግበት፤ አንባቢው ከመያዣው ላይ የሚያየውን ቁጥር ነው ማግኘት ያለበት።

አሁን ወደ አሮጌዎቹ ፋይሎች። የፔጅሜከሮቹ መጻሕፍት ጽሑፋቸው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በፊት በነበረ ፎንት የተለቀመ መሆኑን ከወዲሁ ገምቱ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ስሪት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በአንድ ፎንት ውስጥ ከ256 የማይበልጥ ቦታ እያለ የእኛ ፊደላትና ምልክቶች ከ300 በላይ ስለሆኑ ብዙዎቹ ፎንቶች አንዳንዱን ፊደል በሁለት ቁራጭ፣ ግንዱን ለብቻ ቅጥያውን ለብቻ አድርገው ሠሩት። በወረቀት ላይ አያስታውቅም። ጽሑፉን ቀድታችሁ ወደ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ይሆናል።

ማስተካከያ ፕሮግራሞች አሉ። ሲጠቀሙ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ባለሁለት ቁራጩ ፊደል ከባለአንዱ በፊት መተካት አለበት፤ አለዚያ ግንዱ ብቻውን ይለወጥና ቅጥያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ የመድኃኒት ስም በላቲን ፊደል ከተጻፈ ፕሮግራሙ እርሱንም ግዕዝ መስሎት ትርጉም ወደሌለው የአማርኛ ፊደል ይለውጠዋል። ስለዚህ ፋይሉን በሙሉ አንድ ላይ አትለውጡ፤ በግዕዝ ፎንት የተጻፈውን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚለውጥ ፕሮግራም ምረጡ። የመድኃኒት ስም ያለበትን ገጽ ሁሉ ከታተመው መጽሐፍ ጋር ሰው ያመሳክር።

በዩኒኮድ የተጻፉት አዲሶቹ ፋይሎችም ንጹሕ አይሆኑም። አራት ነጥብን በአንድ ቁልፍ ከመጻፍ ይልቅ ሁለት ነጥብን ሁለቴ የሚመቱ ለቃሚዎች ብዙ ናቸው። ለዓይን «፡፡» እና «።» አይለዩም፤ ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ሳያርፍ ይቀጥላል፤ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር እየለየ ለተርጓሚ የሚያቀርብ ፕሮግራምም ምዕራፉን ሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቆጥረዋል። ይህ በአንድ ትእዛዝ የሚታረም ነውና መጀመሪያ እርሱን ጨርሱ። የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። «ሕፃን»፣ «ህጻን»፣ «ሕጻን» የሚሉትን ለማዋሐድ ስትሉ የደራሲውን ጽሑፍ በጅምላ አትደምስሱ። በጽሑፉ የቤታችሁን አጻጻፍ ተከተሉ፤ በፍለጋው ግን ሦስቱም አንድ እንዲሆኑ አድርጉ። አንባቢው እንዴት እንደሚጽፍ አታዙትም።

ስለ መሣሪያ ለመጨረስ ያህል፦ ስምንት መጻሕፍትና ጥቂት ሠራተኛ ላለው ድርጅት ትልቅ ሥርዓት አይስማማም። የቴክኒክ መመሪያ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት ዲታ የሚባል ደረጃ አለ፤ ከአይቢኤም ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ኦኤሲስ በተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት ጸደቀ። ማብራሪያን፣ አሠራርንና ማመሳከሪያን መለየቱንና ቁራጭን ሳይገለብጡ በመለያው መጥራቱን ከእርሱ ተማሩ፤ ሙሉውን ግን አትሸከሙት። በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በየካርዱ አንድ ፋይል፣ ለውጥን በሚመዘግብ እንደ ጊት ባለ ፕሮግራም ጀምሩ። ፓንዶክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከእነዚህ ፋይሎች ኢ-መጽሐፍም፣ ድረ ገጽም፣ የወርድ ሰነድም ያወጣል። ለሠራተኞቻችሁ ቅጽ የሚሞላበት ገጽ ካስፈለገ ድሩፓል በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የካርዱን መስኮች እንደ ይዘት ዓይነት መሥራት ይቻላል። ክፍሎቹን የምትለዩባቸውን ምልክቶችም በአማርኛ ሰይሟቸው። ኤክስኤምኤል 1.0 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ምልክት አይቀበልም ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው አምስተኛ እትም ግን ፈቅዷል። የቆዩ ፕሮግራሞች ሊያስቸግሩ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ ከሠራ ግን «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ምልክት አራሚያችሁ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

የገጽ አቀናባሪያችሁን አታሰናብቱ። ልማዱን ብቻ ይለውጥ። ርዕስን በመዳፊት መርጦ ማጉላትና ማድመቅ ይቁም፤ በኢንዲዛይን ውስጥ «ርዕስ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «መጠን» የሚሉ የአንቀጽ ስታይሎች ይፍጠርና በእነርሱ ብቻ ይሥራ። የስታይል ስሞቹ ከካርዱ ዓይነቶች ጋር አንድ ከሆኑ ነገ የሚወጣው መጽሐፍ ያለ ተጨማሪ ድካም ተመልሶ ይዘት መሆን ይችላል። ለነገሩ ይህን ዛሬ ከሰዓት መጀመር ትችላላችሁ፤ ምንም አይገዛበትም።

ከቴክኒኩ ሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው እርማት ነው። በየአሳታሚው ቤት የማየው ይህ ነው፤ መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ሐኪሙ አንድ ቁጥር ያርማል፣ አቀናባሪው በኢንዲዛይኑ ፋይል ላይ ያስተካክላል፣ መጽሐፉ ይታተማል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን አልታረመም። በሚቀጥለው ዓመት መተግበሪያው ከዚያ ከአሮጌው ይሠራል፤ ስህተቱ ይመለሳል። ሕጉ አንድ ይሁን፤ እርማት ሁሉ በካርዱ ላይ ይደረጋል፣ ገጹ ከካርዱ ይታደሳል። ቢቸኩልም፣ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅም። ለእያንዳንዱ ካርድ ኃላፊ የሆነ ሰው ይሰየም፤ ባለቤት የሌለውን ካርድ ማንም አያድሰውም።

ውሎቻችሁንም አውጥታችሁ አንብቡ። ደራሲውና ሠዓሊው ለመጽሐፍ እንጂ ለመተግበሪያ ወይም ለድምፅ ፈቃድ አልሰጡ ይሆናል። በኢትዮጵያ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ ስለዚህ የቆየ መጽሐፍ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የፈቃዱ ልክ በየካርዱ ላይ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ለማይገባው መጽሐፍ አታድርጉት። ግጥም፣ ልብ ወለድ፣ የሕይወት ታሪክ አንድ ወጥ ሆኖ የተጻፈ ነው፤ ቢቆራረጥ ይሞታል። ለእነዚያ ንጹሕ ዩኒኮድና በትክክል የተሰየመ ርዕስ ይበቃል። ተቆርጦ የሚኖረው፣ የሚታደሰውና የሚደጋገመው ነው፤ መመሪያ፣ ሠንጠረዥ፣ የአደጋ ምልክት፣ የቃላት ፍች። ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ የማስተርጎም ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ ጥቅሙ ይጎላል፤ አንድ ካርድ ሲለወጥ የሚተረጎመው ያ ካርድ ብቻ ነው።

በአንድ መጽሐፍ ጀምሩ፤ የእናቶቹን መጽሐፍ እመክራለሁ፣ ከሌሎቹ ጋር የሚጋራው ብዙ ስለሆነ። ሻጩን ከዚያ በኋላ ጥሩት። የራሱን ማሳያ አትዩለት፤ የእናንተን አንድ ምዕራፍ፣ ሠንጠረዥም ማስጠንቀቂያም ሥዕልም ያለበትን፣ ስጡትና በፊታችሁ ያስገባው። አንዱን ካርድ ለውጡና በሁለት ቦታ መለወጡን አሳየን በሉት። «ህጻን» ብላችሁ ፈልጉና «ሕፃን» ይገኝ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ያስገባውን ሁሉ ከነምልክቱ በኤክስኤምኤል ወይም በተራ ጽሑፍ መልሶ ያውጣላችሁ፤ የወጣውን እርሱ በሌለበት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ከተከፈተና ካርዶቹ ከነመለያቸው ካሉ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ፤ ይህ የማውጣት መብት ያለ ተጨማሪ ክፍያ በማንኛውም ጊዜ እንደሚሠራ በውሉ ላይ ይጻፍ። ማውጣት አልችልም ካለ በካርዶቻችሁና በጊት ሥራችሁን ቀጥሉ።